አደራ የተቀበለ ሰው እንዴት ይመራል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ካለች የገጠር ደብር ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ሆኜ ከተመረጥሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባላቱ 60 ያህል ነን። ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወድቋል። ለልምምድ የምጠራ እኔ፣ መዋጮ የምሰበስብ እኔ፣ የታመመ የምጠይቅ እኔ፣ የተጣላ የማስታርቅ እኔ ነኝ። ለመዘምራን ልብስ ያሰባሰብነው ገንዘብም በእጄ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም፣ ግን ሰሞኑን ‹ገንዘቡ የት ደረሰ?› የሚል ሐሜት ተነሥቷል። የደብሩ ሽማግሌዎች ‹ገና ልጅ ነው› እያሉ አይሰሙኝም። ሁለት መዘምራን ተኳርፈው መዝሙር ክፍሉ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል። መልቀቂያ ላስገባ አስቤያለሁ። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መንፈሳዊ መሪነት ምን ያስተምሩኛል?»

ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካንተም ከአባላቱም ጋር ይሁን። መልቀቂያውን ለጊዜው አቆየው። የጻፍኸው አራት ችግር ይመስላል እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ልምምዱም፣ ገንዘቡም፣ ጥየቃውም፣ ዕርቁም በአንድ ሰው እጅ ገብቷል። ያ እጅ ሲከፈት አራቱም መላላት ይጀምራሉ።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። መንፈሳዊ መሪነት አደራ ነው። መንጋው የእግዚአብሔር ነው፣ ገንዘቡ የምእመናን ነው፣ ዘመኑም የተቆረጠ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ መሪን ሲመዝን ደጋግሞ ሁለት ነገር ያያል፤ የተሰጠውን ለማን አካፈለ፣ የያዘውንስ በማን ፊት አስቆጠረ።

ከድካምህ እንጀምር። ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ክፈት። የሙሴ አማት ዮቶር ልጁን ሲፓራንና የልጅ ልጆቹን ይዞ ሙሴ ወደ ሰፈረበት ምድረ በዳ መጣ። ሙሴ ወጥቶ ተቀበለው፣ ሰገደለት፣ ሳመው። በማግሥቱ ሙሴ በሕዝቡ ሊፈርድ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም ከጧት እስከ ማታ በፊቱ ቆመ። ዮቶር ይህን ካየ በኋላ ነው የተናገረው፤ ያውም መጀመሪያ በጥያቄ። ስለ ምን ብቻህን ትቀመጣለህ፣ ሕዝቡስ ስለ ምን ከጧት እስከ ማታ ይቆማል አለው። አንድ የተቀመጠ ሰው አለ፣ እልፍ የቆመ ሰው አለ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ብዙ ሰው በግማሹ ያነበዋል። ዮቶር ትደክማለህ ብቻ አላለም፤ አንተም ከአንተ ጋር ያለው ሕዝብም ትደክማላችሁ ነው ያለው። ሁሉን ብቻውን የሚሠራ መሪ ለሌላው የተሠዋ ይመስለዋል፤ ፀሐይ ላይ ያቆማቸውን ግን አያያቸውም። በእናንተ ደብር የቆመው ማን ነው? ልምምድ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ለማወቅ ያንተን ስልክ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ታማ፣ አንተን እስኪመችህ ድረስ ማንም ደጇን ያልረገጠው እኅት ናት።

የዮቶር ምክር በቁጥር የተሰፈረ ነው፤ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ። በአገራችን የሠራዊት ማዕረግ ዛሬም ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ እንላለን። ሒሳቡን ሥራው። የሺህ አለቃው አሥር የመቶ አለቆችን ያያል። የመቶ አለቃው ሁለት የአምሳ አለቆችን፣ የአምሳ አለቃው አምስት የአሥር አለቆችን፣ የአሥር አለቃው አሥር ሰዎችን። ከላይ እስከ ታች ከአሥር በላይ በቀጥታ የሚይዝ ሰው የለም። አንተ ግን 60 ሰው በቀጥታ ይዘሃል።

ለአለቆቹ የተሰጠው መመዘኛ አራት ነው፤ አዋቂዎች፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍን ረብ የሚጠሉ። ችሎታ ቀድሞ መጠራቱን አትለፈው። ደግና ትሑት ሆኖ የአሥር ሰው ስም መያዝ የማይሆንለት ሰው አለ፤ ለእሱ ሌላ አገልግሎት አለው። ችሎታ ግን ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ከጎደሉ ችሎታው ራሱ ለጥፋት ይሆናል። ለሙሴ የቀሩለት ሥራዎች ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ስለ ሕዝቡ በእግዚአብሔር ፊት መቆም፣ ሥርዓቱንና የሚሄዱበትን መንገድ ማስተማር፣ አለቆችን መምረጥ። ከፍርድም የከበደው ብቻ ወደ እሱ ይመጣል።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን ሁሉ ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው አያስቆጥሩም። ዳዊት የደገመው ለታናሹ ያስቀጽላል፤ የኔታ ንባቡ ሲሰበር ያቃናሉ፣ ከፍ ያለውን ትምህርት ይሰጣሉ። ዋሸራም ዲማም ያን ሁሉ ተማሪ ያስተናገዱበት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ 60ውን በ6 ምድብ ክፈል፣ ለየምድቡ 10 ሰው። በዕድሜ ወይም በጓደኝነት አትክፈላቸው፣ በሚኖሩበት ጎጥ ይሁን። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ብዙዎቹን በየቤታቸው ትይዩ ነው ያሰለፋቸው (ነህምያ 3)፤ ሰው የደጁን ቅጥር አያላላም፣ ለመድረስም ቅርብ ነው። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ለየምድቡ አንድ አለቃና አንድ ምክትል ይኑረው።

ለምድብ አለቃው አንድ ደብተር ስጠውና አምስት ዐምድ ያስምርበት። ዐምዶቹን ከሕዝቅኤል 34፥4 ውሰዳቸው። እግዚአብሔር የእስራኤልን እረኞች የወቀሰበት ዝርዝር ነው፤ የደከመውን አላጸናችሁም፣ የታመመውን አላከማችሁም፣ የተሰበረውን አልጠገናችሁም፣ የባዘነውን አልመለሳችሁም፣ የጠፋውን አልፈለጋችሁም። አምስት ዓይነት በግ፣ አምስት የተለያየ ግሥ። የደከመ ማለት ይመጣል፣ ግን ሁለትና ሦስት እሑድ እየዘለለ ነው፤ ማጽናት ይፈልጋል። የታመመው ግልጽ ነው። የተሰበረ ሐዘን የደረሰበት፣ ወይም ከቤተሰቡ የተጣላ ነው፤ ስብራት ጠጋኙ ብዙ ቀን መመላለስ አለበት። የባዘነው የት እንዳለ ታውቀዋለህ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። የጠፋው ለሥራ አገር ለቆ ወሬው የተቋረጠው ነው። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሳሳተው ለአምስቱም አንድ መድኃኒት ስለሚሰጥ ነው፤ ለሁሉም «ለምን ቀረህ?» የሚል መልእክት ይልካል። ይህ የደከመውን ያነቃው ይሆናል። የተሰበረውን ያቆስለዋል። ለጠፋውም አይደርሰውም፤ የጠፋ በእግር፣ በዘመድ፣ በአገሩ ሰው ተጠይቆ ነው የሚገኘው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስቱ አለቆች ደብተራቸውን ይዘው ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። እያንዳንዱ ስም ይጥራ፣ በየትኛው ዐምድ እንዳለ ይናገር፣ በሳምንቱ ማን እንደሚሄድ ይቆረጥ። ንግግር አታብዙ። ስድስት ምድብ መሆኑ ለጸሎትህም ይመቻል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየቀኑ አንድ ምድብ፣ አሥር ስም፣ ከዳዊትህ ጋር። የሙሴ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነበርና ከሌላው ሥራ በተረፈ ጊዜ አትግፋው።

ይህ አሠራር በሦስት ቦታ ይሰበራል። አንደኛው ምርጫው ላይ ነው፤ የሚስማሙህን ብቻ ከመረጥህ ስድስት ራስህን አገኘህ እንጂ ስድስት አለቃ አላገኘህም። ሁለተኛው ሥራውን ሰጥተህ ውሳኔውን ስትከለክል ነው። የምድቡ አለቃ ለእያንዳንዱ ነገር አንተን የሚያስፈቅድ ከሆነ ሰልፉ አልቀረም፣ ረዘመ እንጂ። ድንበሩን በጽሑፍ አስቀምጥ፤ በምድቡ ውስጥ የተነሣ ቅያሜ እዚያው ያልቃል፣ ሁለት ምድብ የሚነካ ነገር ወደ አንተ ይመጣል፣ የኃጢአትና የንስሐ ጉዳይ ግን ወደ አንተም አይመጣም፣ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባት ነው። ሦስተኛው የተሰጠው ሰው ካንተ የተለየ አድርጎ ሲሠራ ቀናተኛ መሆን ነው። በዘኍልቍ 11 ሰባው ሽማግሌዎች መንፈስ ሲቀበሉ ኤልዳድና ሞዳድ በሰፈር ቀርተው ነበር፤ እዚያው ትንቢት ተናገሩ። ኢያሱ ከልክላቸው አለ። ሙሴ ስለ እኔ ትቀናለህን አለው፤ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሁሉ ነቢያት ቢሆኑ ምኞቱ እንደ ሆነም ተናገረ። ምድብ አለቃህ ልምምዱን ካንተ በተሻለ ሲመራው ይህን ምዕራፍ አንብብ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ሰፋ አደርገዋለሁ፤ ብዙ ንጹሕ አገልጋይ ስሙ የጠፋው በመስረቁ ሳይሆን ባለማስቆጠሩ ነው።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12ን ተመልከት። ንጉሡ ኢዮአስ የቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ እንዲታደስ አዘዘ። ካህናቱ እያንዳንዳቸው ከሚያውቁት ሰው ገንዘብ እየተቀበሉ እንዲያድሱ ነበር ትእዛዙ። ኢዮአስ በነገሠ እስከ 23ኛው ዓመት ግን አልታደሰም። መጽሐፉ ሰረቁ አይልም። ግን ተቀባዩም፣ ያዡም፣ አውጪውም አንድ እጅ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ገባ የሚያውቅ ሌላ ዓይን አልነበረም። ያኔ ካህኑ ዮዳሄ አንድ ሳጥን ወሰደ፣ ክዳኑን ነደለው፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲገቡ በስተቀኝ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ደጅ ጠባቂዎቹ ካህናት የሚመጣውን ገንዘብ ሁሉ በዚያ ጨመሩ። ብዙ በሆነ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን፣ ሁለቱም፣ መጥተው ቆጠሩት፣ በከረጢት አሰሩት። የተመዘነውን ገንዘብ በሥራው ላይ ለተሾሙት ሰጡ፤ እነሱም ለጠራቢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለድንጋይ ወቃሪዎች ከፈሉ። የደብራችሁን ሙዳየ ምጽዋት ስታይ ያችን ቀዳዳ አስባት። ገንዘብ ታስገባለች፣ እጅ አታስገባም።

ዮዳሄ ካህናቱን አላዋረደም፣ አላባረረም፤ የለወጠው አሠራሩን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጨምር። ያ ገንዘብ ለማደሻ የተሰጠ ስለ ነበር ሥራው ሳያልቅ የብር ዕቃ አልተሠራበትም፤ ዕቃ የተሠራው ከሥራው በተረፈው እንደ ነበር 2ኛ ዜና መዋዕል 24 ይነግረናል። ለመዘምራን ልብስ የተሰጠ ገንዘብ ለጉዞ መኪና ኪራይ ሲውል፣ ምንም እንኳ ሁለቱም አገልግሎት ቢሆኑ፣ የሰጪው ቃል ፈርሷል።

ከዚያ በፊት የተጻፈ አንድ የሒሳብ መዝገብም አለ፤ ዘጸአት 38 መጨረሻ ላይ። ሰው ቁጥር ብቻ ነው ብሎ ይዘለዋል። 603,550 ወንዶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰቅል ብር ሰጡ። 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ነው፤ ስለዚህ የገባው 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ነው። ወጪው ቀጥሎ ተጽፏል፤ 100 መክሊቱ የማደሪያው ድንኳን ለቆመባቸው 100 እግሮች፣ ለአንድ እግር አንድ መክሊት። የቀረው 1,775 ሰቅል ለምሰሶዎቹ ኩላቦችና ለጉልላቶቹ መለበጫ። ገቢው ከወጪው ጋር አንዲት ሰቅል ሳይዛነፍ ገጠመ። ያዘዘው ሙሴ ነው፣ የሠራው ባስልኤል ነው፣ ቆጠራው ግን በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ነበር። እግዚአብሔር ፊት ለፊት ያነጋገረው ሰው የሰበሰበው ብር በሌላ ሰው እጅ ተቆጥሯል። እንግዲህ ማነው ከመቆጠር የሚበልጥ?

በዚህ ሳምንት የምታደርገው ይህን ነው። ገንዘቡን እንዳለ ይዘህ ሦስት ሰው ፊት ቅረብ፤ ከደብሩ አስተዳደር አንድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም፣ ሦስተኛው ደግሞ «የት ደረሰ?» ብለው ከጠየቁት አንዱ። ሦስተኛው ሊከብድህ ይችላል። የሐዋርያት ሥራ 6ን አንብብ። ከግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ወገን መበለቶቻችን በዕለት ምግብ ተዘነጉብን የሚል ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ማጉረምረም ኃጢአት ነው ብለው አልሰበኩም። ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም አድምጥ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነው። ቅሬታው ከተነሣበት ወገን የመጡ ሰዎች ማዕዱን ተረከቡ፤ ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ፣ የደቀ መዛሙርቱም ቁጥር እየበዛ ሄደ።

ሦስቱ ሲቆጥሩ አንተ ቁጭ በል፣ አትቁጠር። የተገኘው በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ ከክፍሉ ሳይወጡ ይፈርሙ፤ አንድ ቅጂ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ይግባ። ከዚያ በኋላ መዋጮ በደረሰኝ ብቻ ይገባ። ሳጥኑ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይኑሩት፣ ሁለት ሰዎች ይያዟቸው፣ አንተ አንዱንም አትያዝ። ቆጠራው ገንዘቡ በገባበት ዕለት ይሁን፤ «ነገ እንቆጥረዋለን» የተባለ ገንዘብ ነው ሐሜት የሚያበቅል። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሒሳብ ሹሙ በጉባኤው ፊት ሦስት መስመር ያንብብ፤ ይህን ያህል ገባ፣ ለዚህ ለዚህ ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ። ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆነ ብትል፣ ቅዱስ ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን ምእመናን መርጃ ሲልክ ብቻውን አልያዘውም፤ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመሰከሩላቸው ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ምክንያቱንም ጽፏል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን ስለሚያስብ ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። «እግዚአብሔር ያውቅልኛል» ለኅሊና ይበቃል። ለአደራ ግን ሰውም ማወቅ አለበት።

ሒሳቡ በሚነበብበት ቀን ስለ ሐሜት አታስተምር። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለውን ጥቅስ ጥያቄ ማፈኛ አድርገህ አታምጣ። ሳሙኤል የእግዚአብሔር ነቢይ ሆኖ ሳለ ራሱ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድሁ፣ የማንን አህያ ወሰድሁ፣ ከማንስ እጅ መማለጃ ተቀበልሁ፣ መስክሩብኝ፣ እመልሳለሁ አለ (1ኛ ሳሙኤል 12)። «እመልሳለሁ» የምትለው ቃል ናት ሰውን የምታሳርፍ። በዚያው መጽሐፍ መጀመሪያ ደግሞ የካህኑን የዔሊን ልጆች ታገኛለህ። ሥጋው ገና ሲቀቀል የካህኑ ሎሌ ሦስት ጣት ያለውን ሜንጦ ይዞ ይመጣል፣ ወደ ድስቱ ይሰደዋል፣ ሜንጦው ያወጣውን ሁሉ ካህኑ ይወስዳል። ዔሊ ይህን ሰምቶ ልጆቹን በቃል ተናገራቸው፣ ወቀሳቸውም። የተፈረደበት ግን ስላልከለከላቸው ነው (3፥13)። ካንተ ጋር ከሚሠሩት አንዱ ቢያጎድል መምከር ብቻ በቂ እንዳይመስልህ፤ ሜንጦውን ከእጁ መውሰድ ያስፈልጋል።

የሽማግሌዎቹን ነገር በሌላ ዓይን እየው። «ልጅ ነው» ማለታቸው ያሳዝናል፣ ግን ማንን ሳትጠይቅ ምን እንደ ወሰንህ መጀመሪያ ራስህን መርምር። 1ኛ ነገሥት 12 ላይ የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልልን ሲለው የሦስት ቀን ቀጠሮ ወሰደ፤ ይህ መልካም ነበር። ሽማግሌዎቹን ጠየቀ፤ ዛሬ ለዚህ ሕዝብ አገልጋይ ብትሆን፣ በጎ ቃልም ብትነግራቸው ዘመናቸውን ሁሉ ይገዙልሃል አሉት። ትቶት ወደ አብሮ አደጎቹ ሄደ። ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ወጣቶችን ይወቅሳል፤ ሮብዓም ሲነግሥ ግን የ41 ዓመት ሰው ነበር (14፥21)፣ አብሮ አደጎቹም እኩዮቹ ናቸው። የሳተው በልጅነት አይደለም፤ ምክር ፈልጎ ሳይሆን ደጋፊ ፈልጎ በመጠየቁ ነው። ሕዝቡ ሲያምፅም የግብር ሹሙን አዶኒራምን ላከባቸው፤ ያማረራቸውን ሰው አስታራቂ አደረገው። በድንጋይ ወገሩት፣ አሥሩም ነገድ ሄደ።

ጢሞቴዎስም እንዳንተ በዕድሜ የሚበልጡትን የሚመራ ሰው ነበር። ማንም ታናሽነትህን አይናቀው ሲለው መምህሩ ቅዱስ ጳውሎስ የሰጠው መንገድ ክርክር አልነበረበትም፤ በቃል፣ በኑሮ፣ በፍቅር፣ በእምነት፣ በንጽሕና ምሳሌ ሁን ነው ያለው። ቀጥሎም ሽማግሌውን አትገሥጸው፣ እንደ አባት ለምነው (1ኛ ጢሞቴዎስ 4 እና 5)። ስለዚህ ወደ ስብሰባችሁ አትጥራቸው፤ ሰንበቴ በሚጠጡበት፣ በደጀ ሰላም በሚቀመጡበት ሂድ። ውሳኔ ሳትይዝ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ሂድ፤ ለምሳሌ «ልጆቹን በየጎጡ ልንመድባቸው ነው፤ በየጎጡ ማንን እናማክር?» በል። ሲናገሩ አታቋርጥ፣ ጻፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰህ ከምክራቸው የትኛውን እንደ ሠራህበት፣ የትኛውን እንዳልቻልህና ለምን እንደ ሆነ ንገራቸው። ይህን ሁለተኛ ጉዞ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው። ሽማግሌ ምክሩ የት እንደ ደረሰ ካላወቀ ሁለተኛ አይመክርህም።

ስለ ተኳረፉት መዘምራን፣ ማቴዎስ 18 ደረጃውን ሰጥቶሃል፤ አንተና እሱ ብቻችሁን፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ጨምረህ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። የአገራችን ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ደረጃ ይጀምራል፣ ሰው ተሰብስቦ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ወዲያ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ ማለት ያፍራል። ዛሬ ደግሞ ከሦስተኛው የሚጀምር አለ፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስም ሳይጠሩ ጥቅስ መለጠፍ ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ለየብቻ አግኛቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቃቸው፤ «ለራሱ ነግረኸዋል?» ካልነገረው ሂድና ንገረው በለው፣ አንተ መልእክተኛ አትሁን። የሚመላለስ ቃል በመንገድ ይከብዳል። ንግግሩ በማኅሌት ማግሥት፣ እንቅልፍ ባጡበት ሰዓት አይሁን። የዚህ ሁሉ ዓላማ ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ መለየት አይደለም፤ ጌታ የሰጠው ፍሬ «ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» የሚል ነው። ምዕራፉም ከጠፋው በግ ጀምሮ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል እስከሚለው የሚሄደው ለዚህ ነው።

ጠቡ ማን ይምራ፣ የማን ድምፅ ይቅደም ከሆነ ደግሞ አትደንግጥ፤ ደቀ መዛሙርቱም ማን ይበልጣል ብለው የተከራከሩት በዚያችው የመጨረሻ እራት ማዕድ ላይ ነው (ሉቃስ 22)። በዚያች ሌሊት ጌታ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ በመታጠቢያው ውኃ ጨመረ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምታየው ይህንኑ ነው። ሁለቱን መዘምራን በዚያ ቀን ውኃ እንዲቀዱ አብረህ መድባቸው።

ስለ ራስህም ሁለት ነገር ልጨምር። ዘኍልቍ 20 ሲጀምር ማርያም፣ የሙሴ እኅት፣ ሞተች ይላል። ወዲያው ሕዝቡ ውኃ አጣ፣ ተጣላም። ሙሴ ዐለቱን እንዲናገረው ታዞ በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውኃው ግን ወጣ፤ ሕዝቡም ጠጣ፣ ከብቱም ጠጣ። ሙሴ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳይገባ የተወሰነበት በዚያው ሰዓት ነው። ሥራው ስለ ሠመረ መሪው ልክ ነበር ማለት አይደለም፤ ይህን የሚነግርህ ሰው አጠገብህ ይኑር። ሐዘን ላይ ስትሆን፣ ስትናደድ፣ ለምክትልህ ስጥና ሁለት ሳምንት ዕረፍ። ስትሳሳት ደግሞ ሁለት ነገሥታት «በድያለሁ» ያሉበትን መንገድ አነጻጽር። ሳኦል በድያለሁ ካለ በኋላ በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ለመነ (1ኛ ሳሙኤል 15፥30)። ዳዊት ናታን ሲገሥጸው እግዚአብሔርን በድያለሁ አለ፣ ምንም አልጨመረበትም። በጉባኤ ፊት ይቅርታ ስትጠይቅ ከ«አጥፍቻለሁ» ቀጥሎ «ነገር ግን» ካለ፣ ዳዊትን ትተህ ሳኦልን ተከተልህ ማለት ነው።

ሁለተኛው ድንበርህ ነው። ዖዝያን ብርቱ ንጉሥ ነበር፤ ግንብ ሠራ፣ ጉድጓድ ማሰ፣ እርሻ ወደደ። በበረታ ጊዜ ልቡ ታበየ፣ ሊያጥን ወደ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ከ80 ካህናት ጋር ይህ ያንተ አይደለም አሉት፤ ለምጽ በግንባሩ ወጣ (2ኛ ዜና መዋዕል 26)። አንተ ሰብሳቢ ነህ፣ ንስሐ አባት አይደለህም። አባል አልቅሶ ኃጢአቱን ሊነግርህ ሲጀምር በፍቅር አስቁመው፣ ከንስሐ አባቱ ጋር አገናኘው፣ የሰማኸውን አትጻፍ፣ ለምክትልህም አትናገር።

የአገልግሎት ዘመንህ ሲያልቅ ምን እንደምታስረክብ ከአሁኑ አስብ። ሙሴ ወደ ምድሪቱ እንደማይገባ ሲነገረው በዘኍልቍ 27 የለመነው ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይሆን አንድ ሰው እንዲሾም ነው። ኢያሱን በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቆመው፣ እጁን ጫነበት፣ ከክብሩም አኖረበት። ኢያሱ ያን ቀን የተገኘ ሰው አልነበረም፤ ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጋ፣ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ በድንኳኑ ሲቀመጥ ከሙሴ ጋር ያደገ ነው። አንተም ከስድስቱ አለቆች ሁለቱ ከወዲሁ አብረውህ ይሂዱ፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ስትሄድ አንዱን ውሰድ፣ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት ሌላውን። የአባላቱን መዝገብ፣ የንብረቱን ዝርዝር፣ የሒሳቡን ደብተር በአንድ መሳቢያ አኑር፣ በጉባኤ ፊት አስረክብ። የገንዘቡን ሳጥን ቁልፎች ግን የዘመኑን መጨረሻ አትጠብቅባቸው፤ በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስጣቸው።